በልኩ የሚያስተምረው ታብሌት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለውን ወጣት ጠየቁት።

"ያቀፍከው ምንድን ነው ልጄ?"

"ታብሌት ነው እናቴ፣ ለተማሪዎች።"

"አስተማሪ ነህ?"

"ተመራማሪ ነኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚያስተምር መተግበሪያ ነው የምሠራው። የገባው ወደፊት ይሄዳል፣ ያልገባው ይደግማል።"

"እሱ ነው እንዴ! የእኔዋ ልጅም ትምህርት ቤት አለ።"

"ወደደችው?"

"ወዳዋለች። ግን ትሳሳትበታለች።"

"የቱ ጋ ነው የሚከብዳት?"

"ኧረ አይከብዳትም፣ አውቃ ነው የምትሳሳተው።"

"አውቃ? ለምን?"

"ከመለሰች ያሳልፋታላ! አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደግሞ ገና እዚያው ናት። ጥላት መሄድ አልፈለገችም።"

ወጣቱ ያቀፈውን ታብሌት ቁልቁል አየው።

"እኔ እኮ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣልኝ፣ አልገባቸውም ብዬ ትምህርቱን ነው የማቀልላቸው።"

"ለዚህ ነዋ ሰሞኑን ሰለቸኝ የምትለው!"

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁን ቶሎ ተወው።

"ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የለፋሁት እያንዳንዱ ልጅ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲሄድ ነበር እናቴ።"

"ጥሩ ነዋ። መጠበቅ የፈለገችስ?"

"እሱን አላሰብኩትም። ልጅቷን ባናግራት ይፈቅዱልኛል?"

"አናግራት። ግን ሁለቱን አብረህ ጥራቸው፣ ብቻዋን ከሆነች አትነግርህም።"

እኔ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየሁ፣ ሦስተኛ ክፍል አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችውን ልጅ ስም ለማስታወስ ሞከርኩ።