የጋሽ ይርዳው ሱባዔ

(ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ የአቶ ዘውገ አርባ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ልጃቸው ትርሲት ከአባቷ ጋር ግድግዳ ይጋሩ የነበሩትን የዕድር ሊቀመንበር ጋሽ ይርዳውን እቤታቸው ድረስ መጥታ ወጥራ ይዛቸዋለች።)

ትርሲት፦ እምቢ ብትልም አልሰማህም ጋሼ። ስምህን ለቄሱ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጋሽ ይርዳው፦ ሳትጠይቂኝ?

ትርሲት፦ ይኸው እየጠየቅኩህ አይደል?

ጋሽ ይርዳው፦ ይሄ መጠየቅ ከሆነ ማዘዝ ምን ሊሆን ነው? ሁለት ወንድሞች አሉሽ፣ አንዳቸው ይናገሩ።

ትርሲት፦ አንደኛው ሳይጀምር ያለቅሳል፤ ሌላው ከጀመረ አያቆምም። አንተ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ አብረኸው ሠርተህ፣ ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተኸው፣ ስለ አባዬ አምስት ደቂቃ መናገር ያቅትሃል?

ጋሽ ይርዳው፦ ድምፄ ተዘግቷል።

ትርሲት፦ ትናንት የዕድር ስብሰባ ላይ ስትቆጣ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ይርዳው፦ ከዚያ በኋላ ነዋ የተዘጋው።

ትርሲት፦ ቀብሩ ላይ ከኛ ከልጆቹ በላይ ያለቀስከው አንተ ነህ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም። እማዬ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንተን ስም ስታነሳ ነው የከረመችው። አሁን ሌላ ሰው ቆሞ ቢናገር ሰዉስ ምን ይላል?

ጋሽ ይርዳው፦ ለቅሶዬን ተዪው፣ እባክሽ።

ትርሲት፦ ለምን እተወዋለሁ? እንዳትቸገር ብዬ የምትናገረውን ሁሉ ጽፌልሃለሁ። እንካ አንብበው።

ጋሽ ይርዳው፦ መነጽሬን የት እንዳደረግኩት እንጃ።

ትርሲት፦ ግንባርህ ላይ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ እ… «ወንድሜ ዘውገ ቅን፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበር…» ይሄ ጥሩ ነው። «ነፍሱ በወጣችበት ሰዓት እኔ በሱባዔ ላይ ሆኜ፣ በሬን ዘግቼ፣ ስለ እሱ…» ይሄን ማን ጻፈው?

ትርሲት፦ እኔ ነኛ። ምን አጠፋሁ?

ጋሽ ይርዳው፦ ይሄን አላነብም።

ትርሲት፦ ጀመረህ ደግሞ ትሕትናህ። ጋሼ፣ ሰፈሩ የማያውቀው መሰለህ? በዓመት ስድስት ጊዜ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት በርህን ዘግተህ ትቀመጣለህ። እኛ ፍልሰታን እንኳ አንድ ቀን ሳናጎድል መጨረስ አቅቶን! በዚያ ሰዓት በበርህ የሚያልፍ ሰው እኮ ጫማውን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው።

ጋሽ ይርዳው፦ እሱ ነው የገደለኝ። የጫማቸው ነገር።

ትርሲት፦ አልገባኝም።

ጋሽ ይርዳው፦ ቁጭ በይ ትርሲት። ሱባዔ አይደለም።

ትርሲት፦ ምኑ?

ጋሽ ይርዳው፦ አሥራ አምስት ቀኑ። በዓመት ስድስት ጊዜው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንዱም ሱባዔ አልነበረም።

ትርሲት፦ ታዲያ በር ዘግተህ ምን ትሠራለህ? ሴት ናት እንዴ? እትዬ ጥሩወርቅ ካረፉ ቆየ እኮ፣ ነውር የለውም።

ጋሽ ይርዳው፦ በስልሳ ሰባት ዓመቴ? ትግል ነው።

ትርሲት፦ እሱማ ጸሎት ሁሉ ትግል ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ የሰው ለሰው ትግል ነው የምልሽ። የጃፓን። ሱሞ።

ትርሲት፦ እነዚያ… ራቁታቸውን የሆኑት ወፍራሞች?

ጋሽ ይርዳው፦ ራቁታቸውን አይደሉም፣ ይታጠቃሉ። ውድድሩ በዓመት ስድስት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ዋናዎቹ የሚታገሉት ወደ ማምሻው ላይ ነው፤ እዚያ ሊመሽ ሲል እዚህ አራት ሰዓት ይሆናል። በስልክ ነው የማየው።

ትርሲት፦ አሥራ አምስት ቀን።

ጋሽ ይርዳው፦ አዎ።

ትርሲት፦ እየቀለድክብኝ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ምነው ቀልድ በሆነ። ጥሩወርቅ የሞተች ጊዜ ልጄ ስልክ ገዝቶ ሰጠኝ። ቤቱ ዝም ሲለኝ እሱን ስነካካ አንድ ቀን ወጣልኝ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ጨው በተኑ፣ እጅ ተነሣሡ፣ ተጋጩ፤ ከክቡ የወጣው ወይ መሬት የነካው ተሸነፈ፣ አለቀ። ያሸነፈው አልፎከረም። ለወደቀው እጁን ዘረጋለት፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ሄደ። ደስ አለኝ። እሷ ከሞተች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። በማግስቱም ደገምኩት።

ትርሲት፦ እና ለምን ዋሸህ? ሰው ኳስ ያያል፣ ድራማ ያያል። ማን ምን አለው?

ጋሽ ይርዳው፦ አልዋሸሁም ነበር መጀመሪያ። እማማ ጽጌ ስድስት ሰዓት ላይ ከቤት ስወጣ አግኝተውኝ «ሱባዔ ገባህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት። በሳምንቱ ሰፈሩ በሹክሹክታ ማለፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገራቸው? የዕድር ሊቀመንበር፣ ሽማግሌ ሰው፣ ወፍራሞች ሲገፋፉ እያየሁ ነው ልበል? አፈርኩ። እያፈርኩ ቀጠልኩበት።

ትርሲት፦ ሰው እኮ የታመመ ዘመዱን የክርስትና ስም ጽፎ በበርህ ሥር ይከትልሃል።

ጋሽ ይርዳው፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ እኔም የአባዬን ከትቻለሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ። ወልደ ገብርኤል ብዬ።

ጋሽ ይርዳው፦ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው።

ትርሲት፦ ጸለይክለት?

ጋሽ ይርዳው፦ ማታ ማታ እጸልይለት ነበር። ወረቀቱን ግን… ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። አጥፌ ከሥሩ አደረግኩት።

ትርሲት፦ የአባዬን ስም?

ጋሽ ይርዳው፦ የአባትሽን ስም።

ትርሲት፦ ያን እሁድስ? እኔ ሳንኳኳ?

ጋሽ ይርዳው፦ ሰምቻለሁ።

ትርሲት፦ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ጋሽ ይርዳው፦ አራት ጊዜ። አራተኛውን በመዳፍሽ ነው የመታሽው።

ትርሲት፦ ሰምተህ ዝም አልክ? አባዬ እኮ ነው ጥሩልኝ ያለው። «ይርዳውን ጥሩልኝ» ብሎ።

ጋሽ ይርዳው፦ የመጨረሻው ቀን ነበር። የመጨረሻው ግጥሚያ። የምደግፈው ልጅ ካሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ሁለቱም ጨዋቸውን በትነው ቁጢጥ ብለዋል። አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አልኩ። ዘውገ ሁልጊዜም ያስጠራኛል፤ ውኃ አቀብለኝ፣ ትራሱን አስተካክልልኝ ይላል፣ አልኩ። አንድ ደቂቃ። ከዚያ የእናትሽ ጩኸት በግድግዳው በኩል መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለቀስኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ለራሴም ነበር። እናንተ ደግሞ ባያችሁኝ ቁጥር ከፍ አደረጋችሁኝ። እናትሽ እጄን ስትስም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመህ «እየጸለይኩለት ነበር» በል ትይኛለሽ።

ትርሲት፦ ወረቀቱን ይስጡኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አልሽኝ?

ትርሲት፦ ወረቀቱን ይስጡኝ፣ አቶ ይርዳው። ሌላ ሰው ይናገራል።

ጋሽ ይርዳው፦ እርስዎ አልሽኝ። አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ።

ትርሲት፦ ምን ልበልዎት? እየሮጥኩ ተመልሼ «ሱባዔ ላይ ነው አባዬ፣ እየጸለየልህ ነው» አልኩት። ደክሞትም ቢሆን ፈገግ አለ። ለዚያ ፈገግታው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ሌሊት ቁጭ ብዬ፣ እያለቀስኩ። ለካ አባቴን የሸኘሁት በውሸት ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ውሸቱ የኔ ነው። ያንቺ አይደለም።

ትርሲት፦ በኔ አፍ ነው የተነገረው።

ጋሽ ይርዳው፦ ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ። ለዕድሩም። ሊቀመንበርነቱንም ይውሰዱት።

ትርሲት፦ ለማን ብለው ነው ግን? አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያ ሰውዬ ዘመድዎ ነው? ያውቁታል? ወንድሜ ከሚሉት ሰው የበለጠብዎት ማነው?

ጋሽ ይርዳው፦ ሚዶሪኩማ ይባላል። ማንም አይደለም። ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው፣ ትንሽ ከተባለ። ወደ ላይ ደርሶ ሳለ ተጎዳ፤ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ከታች ጀመረ። እንደገና ከሕፃናቱ ጋር። ቀኝ ጉልበቱ እስከ አሁን በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። በተጋጨ ቁጥር እኔን ነው የሚያመኝ። የማይረባ ነገር ነው፣ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ምኑን አሉ?

ጋሽ ይርዳው፦ የማይረባ ነገር ነው አልኩ።

ትርሲት፦ ከዚያ በፊት። ምኑን ነው የሚያመው?

ጋሽ ይርዳው፦ ጉልበቱን። ቀኝ ጉልበቱን።

ትርሲት፦ ለአባዬ ነግረውት ያውቃሉ? ስለዚህ ልጅ?

ጋሽ ይርዳው፦ ለዘውገ? ከሁሉም በላይ የማፍረው እሱን አይደል እንዴ። አንድ ቀንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ትርሲት፦ ሲያዩ ይናገራሉ? ድምፅ ያወጣሉ?

ጋሽ ይርዳው፦ ቀስ ብዬ ነው። ሲጨንቀኝ ብቻ «አይዞህ ልጄ፣ ጉልበትህን፣ ጉልበትህን ጠብቅ» እላለሁ። ለምን ጠየቅሽኝ?

ትርሲት፦ የአባዬ አልጋ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው። የዕድሩን ስብሰባ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚያደርገው ማን ነበር?

ጋሽ ይርዳው፦ እሱ ነበር። ጸሐፊው እሱ አልነበር? ጠዋት ጠዋት ብርዱ አይስማማኝም ይል ነበር።

ትርሲት፦ በረዶ ቢወርድ አባዬ በሸሚዝ ነው የሚወጣው።

ጋሽ ይርዳው፦ ትርሲት፣ ምን እያልሽኝ ነው?

ትርሲት፦ እየጸለየልህ ነው ስለው ፈገግ አለ አላልኩህም? ከዚያ «ተዪው፣ ይጨርስ» አለኝ። ቀጥሎ አንድ ነገር ተናገረ። እማዬም እኔም ቃዠ ብለን ለማንም አላወራነውም። የመጨረሻ ቃሉ ቅዠት ነበር ማለት ከበደን።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አለ?

ትርሲት፦ «ሲወጣ ጠይቂው» አለኝ። «ያ ጉልበቱን የሚያመው ልጅ አሸነፈ?»

ጋሽ ይርዳው፦ ዘውገ…

ትርሲት፦ ስድስት ዓመት ያውቅ ነበር፣ ጋሼ። ምስጢርህን ከኛም ደብቆ ይዞልህ ሄደ።

ጋሽ ይርዳው፦ አብረን ማየት እንችል ነበር። እዚህ ወንበር ላይ፣ ጎን ለጎን። እያፈርኩት ግድግዳ ጋረድኩበት።

ትርሲት፦ እና? አሸነፈ?

ጋሽ ይርዳው፦ አላውቅም።

ትርሲት፦ እንዴት አታውቅም?

ጋሽ ይርዳው፦ እናትሽ ስትጮህ ስልኩን ወርውሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ማየት አይገባኝም ብዬ።

ትርሲት፦ አውጣው ጋሼ። አባዬ ጠይቂው ብሎኛል፤ መልሱን ሳላገኝ አርባውን አላወጣለትም።