ጠያቂ ያባረረ በሽታ

ሦስት ወር አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቼ ወደ ድሬ ልመለስ ስል ፈረንጁ ሐኪም አስጠነቀቀኝ። «ደምህ በተፈጥሮው በሽታ የሚከላከልበት ኃይል የለውም። ሌላውን የሚያስነጥስ ጉንፋን አንተን ይገድልሃል። ከሰው ራቅ!» አለኝ። ይህን ለሰፈሬ ለመጋላ ሰው ንገሩ እስቲ! ቤቴ የገባው ሁሉ አገላብጦ ይስመኛል፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይስላል፣ ከዚያ «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ይለኛል። «እባካችሁ ራቅ በሉልኝ» ብል «ሆስፒታል ገብቶ ኮራ» ተባልኩ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ዘነበች ጨነቃትና በር ላይ ቆማ «በሽታው ተላላፊ ነው!» ብላ ዋሸች። ቤቱ ባንድ አፍታ ጭር አለ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን አሮጊቷ አዴ ፋጡማ ዘነበችን ገፋ አድርገው ገቡ።

«አዴ፣ ይተላለፋል እኮ!» አልኳቸው ወደ ግድግዳው እየሸሸሁ።

«አብሽር ልጄ! ፈሪዎቹ ይሽሹ። እኔ እንደሆን ወላሂ ሳል ከያዘኝ ሳምንቴ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል?» ብለው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ።

በሳምንቱ እየሳልኩ ወደ ሆስፒታል ስመለስ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥተው የሸኙኝ ጎረቤት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሳሉ ለቋቸዋል።