የጋሽ ማንደፍሮ ለቅሶ

(ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፤ ተማሪዎችን የሞባይል አፕ መሥራት የሚያስተምረው መምህር ይታገሱ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ከሆኑት ከጋሽ ማንደፍሮ አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።)

ይታገሱ፦ ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያን ወረቀት አይፈርሙት።

ማንደፍሮ፦ የሞተ ሰው ይፈርማል እንዴ?

ይታገሱ፦ አይቀልዱብኝ። እርስዎ ከፈረሙ የአፕ ክበቡ ነገ ይዘጋል። ርዕሰ መምህሩ ሰበብ ሲፈልግ ነው የኖረው፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ለመጋዘን ይፈልገዋል።

ማንደፍሮ፦ ምን ብሎ ነው የጻፈው? መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ እስቲ አንብብልኝ።

ይታገሱ፦ «ተማሪዎች በሕይወት እያለሁ ሞተ ብለው በስልክ በማሰራጨታቸው ከፍተኛ የሞራል ጉዳት ደርሶብኛል» ይላል።

ማንደፍሮ፦ የሞራል! እኔን የሚያመኝ ጉልበቴን ነው።

ይታገሱ፦ ስህተት ነው ጋሼ። ስንዱን ያውቋታል፤ ያቺ የአስራ አንደኛ ክፍሏ፣ በሩ ሳይከፈት የምትደርሰዋ። ክፉ ልጅ አይደለችም።

ማንደፍሮ፦ የእድሩን መዝገብ ያቀበልኳት እኔ አይደለሁ? እንዴት አላውቃት! «ጋሼ፣ በዚህ ጉልበት ዳገት ለዳገት ጥሩምባ ሲነፉ ከሚውሉ፣ ስልክ ላይ አንዴ ብንነካው ሰዉ ሁሉ ይሰማል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት «ያልሰማህ ስማ» ስል ኖሬያለሁ፤ ሳንባዬም ሰልችቶታል።

ይታገሱ፦ ትናንት ልትሞክረው ነበር። ለሙከራ የአንድ ሰው ስም ያስፈልጋል። ከመዝገቡ ከላይ ጀመረች።

ማንደፍሮ፦ ከላይ ደግሞ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ። እድሩ ሲቋቋም ተሽቀዳድሜ የተመዘገብኩት ለካ ለዚህ ኖሯል።

ይታገሱ፦ ወደ ራሷ ስልክ ብቻ የላከችው መስሏት ነበር። የእድርተኛውን ቁጥር ግን ቀድማ አስገብታው ስለነበር ለሁሉም ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ማንደፍሮ፦ አፈሰች እንጂ መች ለቀመች? በስድስት ሰዓት ገድላኝ ያስነሳችኝ አመሻሽ በአስራ ሁለት ሰዓት ነው።

ይታገሱ፦ እስከዚያ አላወቀችም። ዛሬም ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ ስታለቅስ ነው ያደረችው አሉ።

ማንደፍሮ፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው አልቅሶልኛል።

ይታገሱ፦ ጋሼ!

ማንደፍሮ፦ እሺ፣ እሺ። ክበቡ ቢዘጋ አንተ ምን ትሆናለህ?

ይታገሱ፦ ምን እሆናለሁ... ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ኪራይ ቤቴ እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ማየት ነው። እነዚህ ልጆች እኮ መብራት ሲጠፋ እንኳ አይበተኑም፤ ኮዱን ደብተር ላይ ጽፈው፣ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ ይገለብጡታል። አስራ ዘጠኝ ልጅ ለስድስት ኮምፒውተር። ሲጨቃጨቁ፣ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚህ ከተማ «ቲቸር፣ ዛሬ ምነው ዘገየህ?» የሚለኝ ከእነሱ ሌላ የለም።

ማንደፍሮ፦ እኔስ? ጠዋት ጠዋት በር የምከፍትልህ?

ይታገሱ፦ እርስዎማ... አዎ፣ እርስዎም አሉ።

ማንደፍሮ፦ ትናንት አልነበርኩም። ለመሆኑ ያ ነገራችሁ ሠራ?

ይታገሱ፦ ሠራ ወይ ይሉኛል? በእርስዎ ላይ መሆኑ ነው እንጂ... በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሦስት ሰው መለሰ! ከሥር «ነፍስ ይማር» የሚል ቁልፍ አድርገውበታል። መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ አንዴ ነካ ያደርገውና ሐዘኑ ይደርሳል። ለክልሉ ውድድር ይዘን የምንቀርበው እሱን ነው።

ማንደፍሮ፦ አርባ ሦስት።

ይታገሱ፦ አርባ ሦስት!

ማንደፍሮ፦ ቤቴስ ስንት ሰው የመጣ ይመስልሃል?

ይታገሱ፦ ቤትዎ?

ማንደፍሮ፦ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። መነጽሬን አድርጌ ሳነበው «አቶ ማንደፍሮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። እጄን ነካ፣ እግሬን ነካ አደረግኩ። አለሁ። ተነሳሁና ግቢውን ጠረግኩ፤ ከጎረቤት ሁለት አግዳሚ አምጥቼ ደረደርኩ። ሚስቴ ዘነቡ ካረፈች ወዲህ ያ ግቢ እንደዚያ ተጠርጎ አያውቅም።

ይታገሱ፦ ምነው ደውለው «አልሞትኩም» አይሉም ነበር?

ማንደፍሮ፦ ልደውል ስል፣ እስቲ ማን ይመጣ ይሆን አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ስጠራ፣ ለእኔ ሲጠራ ማን ይመጣል ሳልል አልቀረሁም መቼም። ሰው ነኝ።

ይታገሱ፦ ማን መጣ?

ማንደፍሮ፦ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ማንም። ሁሉም ሌላው ሄዷል ብሎ ይሆናል። በአስራ አንድ ሰዓት ወለላ መጣች።

ይታገሱ፦ እትዬ ወለላ? እሳቸው እኮ ስልክ የላቸውም።

ማንደፍሮ፦ ለዚህ ነዋ የመጣችው። ወፍጮ ቤት ሰምታ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ ከመንገድ ጀምራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገባች። በሬ ላይ ቆሜ «እንደምን ዋልሽ ወለላ?» አልኳት።

ይታገሱ፦ ወይኔ! ምን ሆኑ?

ማንደፍሮ፦ ምን ትሆናለች፤ ወረደችብኝ እንጂ! «በዚህ የእንጨት ውድነት ንፍሮ አስቀቅለኸኝ ትቆማለህ?» አለች። በኋላ ቁጭ ብለን በላን። የራሴን ንፍሮ በላሁ መምህር። ጨው አንሶታል።

ይታገሱ፦ አይ ጋሼ! ሳቄን ይቅር ይበሉኝ።

ማንደፍሮ፦ ሳቅ፣ እኛም ስቀናል። እሷ ስትሄድ ግን ሁለቱ አግዳሚ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ይታገሱ፦ ይህን ሁሉ ያመጣችው ስንዱ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ልጅ ናት...

ማንደፍሮ፦ ከስንዱ ጋር ምን አለኝ? ዛሬ ገና ሳይነጋ ድንጋይ ተሸክማ ቤቴ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔው አውርጄላት ይቅር ብያታለሁ።

ይታገሱ፦ ይቅር ካሏት ታዲያ ወረቀቱን ለምን ኪስዎ ውስጥ ያዙት?

ማንደፍሮ፦ ስልኳን አውጥታ ያን ቁልፍ የነኩትን ሰዎች ስም አሳየችኝ። እዚያም ቁጥር አንድ አለ። ማን መሰለህ?

ይታገሱ፦ ጋሼ... ሙከራ መስሎኝ ነው።

ማንደፍሮ፦ መምህር።

ይታገሱ፦ እሺ። አልመሰለኝም። ፈተና እያረምኩ ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ፤ በእናቴ አጥንት፣ ደነገጥኩ። ቁልፉን ነካሁት። ወዲያው ቀለል አለኝ፤ የደረስኩ መሰለኝ። ወደ እርማቴ ተመለስኩ።

ማንደፍሮ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ።

ይታገሱ፦ አፍሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት በር ሲከፍቱልኝ ዓይንዎን ማየት አልቻልኩም።

ማንደፍሮ፦ አይቼሃለሁ። አምና እናትህ ያረፉ ጊዜም እንደዚያው አቀርቅረህ ነበር የገባኸው። ለማንም ሳትናገር ክፍል ልትገባ! እኔ ነኝ አስቁሜ የጠየቅኩህ።

ይታገሱ፦ አይንገሩኝ ጋሼ።

ማንደፍሮ፦ ወረታ ከተማ ለተቀበሩ ሴት፣ በዓይኔ አይቻቸው ለማላውቅ፣ እዚህ ጥሩምባ ነፋሁ። ስንት ሰው መጣ?

ይታገሱ፦ ቤቱ ሞልቶ ደጅ ቆሙ። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ናቸው። ሦስት ቀን ብቻዬን አላሳደሩኝም። እርስዎ እዚያች በርጩማ ላይ እያንቀላፉ ነው ያደሩት።

ማንደፍሮ፦ ያን ጊዜ ይህ ቁልፋችሁ ቢኖርስ ኖሮ?

ይታገሱ፦ አርባ ሦስት ሰው ይነካው ነበር። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አርባ ሦስቱን እቆጥር ነበር።

ማንደፍሮ፦ ስለዚህ አውጡት። አፑ ይጥራ፤ ጥሪው ጥሩ ነው፣ ጉልበቴም አልቋል። ቁልፉ ግን ይውጣ። ሰው በጣቱ የሚመልስበት ሲያጣ በእግሩ ይመጣል።

ይታገሱ፦ ልጆቹ እኮ ከሁሉ የሚኮሩት በእሱ ነው። ሦስት ሳምንት ለፍተውበታል። ያለ እሱ ውድድሩ...

ማንደፍሮ፦ ይሸነፉ። ተሸንፎ የሞተ አላየሁም።

ይታገሱ፦ ስንዱንስ ምን ብዬ ላስረዳት?

ማንደፍሮ፦ እሷ ገብቷታል። ድንጋይ ተሸክማ መጣች እንጂ «ይቅርታ» የሚል ቁልፍ መች ሠራችልኝ?

ይታገሱ፦ ...እውነት ነው። ነገ ክበቡ ሲሰበሰብ እናወጣዋለን። ቃሌ ነው።

ማንደፍሮ፦ እንካ ወረቀቱን፣ ቅደደው። ለርዕሰ መምህሩ «ሟቹ አልፈርምም አለ» በለው።

ይታገሱ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዎን ያርዝመው!

ማንደፍሮ፦ ቆይ፣ ወዴት ነው የምትነሳው? ገና አልታረቅንም።

ይታገሱ፦ ምን ቀረን?

ማንደፍሮ፦ ለቅሶዬን አልደረስክም።

ይታገሱ፦ ኧረ ጋሼ! እርስዎ እኮ አሉ!

ማንደፍሮ፦ እያለሁ ነዋ የምትደርሰኝ። የወለላ ንፍሮ ተርፏል፤ አግዳሚዎቹንም አላነሳኋቸውም። ጨው ይዘህ ና።

ይታገሱ፦ እመጣለሁ። ዛሬውኑ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ይሻላል? ልወጣ ስል ልደውልልዎት?

ማንደፍሮ፦ ለቅሶ የሚመጣ ሰው ይደውላል እንዴ? በሩን ገፋ አድርገህ ግባ፤ ከትናንት ጀምሮ አልቆለፍኩትም።