ያልደረሰ ውሃ ውስጥ የገባው ስጦታ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

አዳራሹን ላሰናዳችሁልኝ፣ ወንበር ለደረደራችሁት፣ ኬኩን ይዛችሁ ደረጃውን ለወጣችሁት ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴንም ጋብዛችሁ ከፊት ስላስቀመጣችሁልኝ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ ስለ ውሃ ማውራት ስጀምር እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ፊት ስለሆነ መቼም እንደምንም ይታገላል።

ንግግሬን ጽፌ ነበር የመጣሁት። ደግ ደጉን ብቻ ነበር የጻፍኩት። አሁን ወደ ቦርሳዬ መልሼዋለሁ። ቅድም ከጀርባዬ ያለው አዲሱ የባሕር እንስሳት ማሳያ ገንዳ ሲገለጥና እናንተ ስታጨበጭቡ፣ እኔ ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ?

ኮራል አየሁ። ሐምራዊ፣ ዓይን የሚስብ፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ። መስታወቱ ላይ «ለእትዬ፣ ከሚወዱዎት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከሩቅ አስመጥታችሁልኛል። ዛሬ ጠዋት እንዳላይባችሁ ጨርቅ አልብሳችሁ ደብቃችሁታል። ፍቅራችሁ ገብቶኛል፤ ዓይኔም እንባ አቅርሯል። ግን እናንተ ሰዎች፣ ምን ባደርጋችሁ ይሻላል?

ገንዳው አልደረሰም እኮ! ትናንት ተናግሬአለሁ። ባለፈው ስብሰባ ተናግሬአለሁ። በኮሪደር፣ በሻይ ሰዓት፣ በስልክ ተናግሬአለሁ። ሁላችሁም አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስወቅጥ ኖሬ ዛሬ ጡረታ ወጣሁ።

አስጎብኚያችን አሁን ወደዚህ ስመጣ ጠጋ ብሎ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? «እትዬ፣ ውሃው ጠርቷል እኮ» አለኝ። ልጄ፣ ጠርቷል፤ ማን አልጠራም አለ? መርዝም ይጠራል። ዛሬ ጠዋት ከዚህ ገንዳ ቀድቼ የመመርመሪያውን ጠብታ ስጨምርበት ብልቃጡ አረንጓዴ ሆነብኝ። አረንጓዴ ማለት አሞኒያ የሚባለው መርዝ ገና አልጠፋም ማለት ነው። ቢጫ እስኪሆን ነው የምንጠብቀው። ይህን ስለካ እናንተ ከጓሮ በኩል ኮራሉን ይዛችሁ እስክወጣ ትጠብቁ ነበር።

ባለቤቴ እስካሁን ስላልተኛ፣ ስንት ጊዜ ያልኩትን አንድ ጊዜ ደግሜ ልበል። እኛ ያለነው ከባሕር ርቀን ነው። ውሃውን አጣርተን፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን ጨው በልክ ቀላቅለን ባሕር ልናስመስለው እንሞክራለን። «ከወጥ ቤት ጨው በምን ይለያል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እዚህ አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ ኬክ እየበላ ነው። ጨዉ ከገባ በኋላ ደግሞ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪረቡ ሳምንታት ይፈጃል። እነሱ በሌሉበት ኮራል ማስገባት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

በዚህም አያበቃም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከሚኖርበት ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ነው። ካልሲየሙ ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ካለበት፣ ሙቀቱም እንዲሁ ከዋዠቀበት፣ ቀለሙን ጥሎ ይነጣል። እንደኛ ቢሮ መብራት ሄደ መጣ እያሉ መኖር አይችልም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንደሚያከብሩኝ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ምሳ ወጥቼ ስመለስ ያገኘሁትን ገንዳ አልረሳውም። ካልሲየሙንና የውሃውን አሲድነት የሚያበርደውን ዱቄት ለየብቻ፣ ጊዜ እየሰጠን እንጨምራለን ብዬ ነበር። እርስዎ ደግሞ «ሁለቱንም ባንዴ ጨምሩና እንገላገል» ብለው አዘዙ። ሁለቱ ተዋሃዱና ውሃው ወተት መሰለ። ጎብኚዎች ፎቶ ያነሳሉ። አስጎብኚያችን «ይህ የባሕር ጉም ነው» እያለ ያስረዳል። የባሕር ጉም! እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ። ደሜ ፈልቶ ያን ቀን ማንንም ሳልሰናበት ነው ቤቴ የገባሁት።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። የመክፈቻው ጥሪ ተበትኗል። ገንዳው በመጪው ሳምንት ኮራል ሞልቶ ለሕዝብ ይታያል ተብሏል። እኔ ከነገ ጀምሮ የለሁም። ታዲያ ማነው ቆይ የሚላችሁ?

ተተኪዬን ታውቋታላችሁ። እዚያ ጥግ የተቀመጠችው ናት። ለዓመታት አብራኝ ሠርታለች፤ ሥራውን ከኔ እኩል ታውቀዋለች፤ እጇ እንዲያውም ከኔ ይረጋል። ግን ጨዋ ናት። ከእናንተ አንዱ ደፍሮ ሲያዛት ፊቷን አታጠቁርም። ባለፈው ዕቃ ስንቆጥር እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ እርስዎን ይፈሩዎታል። እኔን ማን ይሰማኛል?»

ፓምፑን አጽጂው ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ግን ስገላበጥ አደርኩ፤ ባለቤቴን ጠይቁት።

ስለዚህ ስጦታዬን ተቀብያለሁ። የኔ ከሆነ ደግሞ እንዲሞትብኝ አልፈልግም። ከኋላ ያለችው ትንሿ ገንዳ ለዓመታት የደረሰ ውሃ አላት። አስቀያሚ ናት፣ ጎብኚም አያያትም፤ ኮራሉ ግን እዚያ ይኖራል። ዛሬውኑ ወደዚያ ይግባልኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አውቃለሁ፣ ፎቶ አንሺው ከመክፈቻው በፊት ሊያነሳው ነገ ይመጣል። ምን ላድርግ? የሞተ ኮራል ያንሳ?

ይቅርታ። ተተኪዬ ተነስታለች። ተናገሪ፣ ልጄ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ከኋላ ያሉት ይስሙሽ።

ሰማችሁ? ላልሰማችሁት ልድገመው። «ኮራሉን አሁን አወጣዋለሁ፤ መክፈቻውም ይራዘማል» አለች። «ይራዘም ይሆን?» አላለችም። ሥራ አስኪያጁ እስከ መቼ ብለው ሲጠይቋት ደግሞ «እኔ ደርሷል እስክል» አለቻቸው። እኔ ስናገር ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን። አሁን ግን ስልካቸውን አወጡ። ለፎቶ አንሺው ነው? እግዜር ይስጥዎት።

ምንድን ነው እሱ? ጓንቱን ለኔ? አይሆንም። አንቺው ልበሺው። እኔ እዚህ የመጣሁት ልሰናበት ነው።

እንግዲህ እሷ እየሠራች እኔ ልመርቃችሁ። የጀመራችሁት ከዳር ይድረስላችሁ። ስትቸኩሉ ልጓም የሚይዝላችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ሲይዝላችሁም የምትሰሙበት ልብ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ከዚህ ቤት የወጣ ሁሉ በጤና ይግባ፣ የቀረውም በሰላም ይዋል። ለአዲሶቹም ለነባሮቹም...

ቀስ በይ! ኮራሉን ሳይሆን ድንጋዩን ያዢ...

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ይቀመጡ» ትለኛለች።

በሉ፣ ልቀመጥ። ፈጣሪ ከሁላችሁም ጋር ይሁን።