የአጎቴ ሳል

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሙቅ ውሃ ስር የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም። እኛ ቤት ደግሞ ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በመሃላቸው መጋረጃ እንኳ የለም። አንዱ ሲታጠብ ሌላው መታገስ ነው። ባለፈው አጎቴ ከአንኮበር መጥተው እኛ ጋ አደሩ። ጠዋት ሳሙና በሳሙና ሆኜ እያንጎራጎርኩ ሳለ፣ በሩ አጠገብ «እህ፣ እህ» ሲሉ ሰማኋቸው። አንጀቴን በሉት። ብርዱ ገብቷቸው ነው ብዬ «አንቺ፣ አጎቴን ሳል ይዟቸዋል፤ ዝንጅብል ሻይ አፍዪላቸው!» ብዬ ወደ ባለቤቴ ጮህኩ። ሻዩን ጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ባሰባቸው፤ «እህ! እህ! እህ!» «ድገሚያቸው!» አልኩ። እሷም አክባሪ ናትና በትልቁ ኩባያ ደገመቻቸው።

በመጨረሻ በሩ በከዘራ ተደበደበ። «ኧረ ልጄ፣ ምንም ሳል የለብኝም! እኛ ጋ የሽንት ቤቱ በር ጆንያ ነው፤ ከመግባታችን በፊት እህ እንላለን፣ ውስጥ ሰው ካለ እሱም እህ ብሎ ይመልሳል። አንተ ጭራሽ ሻይ ታስጨምርብኛለህ?» ፎጣዬን አገልድሜ ዘልዬ ወጣሁ። ሳሙናው እላዬ ላይ እየደረቀ፣ ኮሪደሩ ላይ ስንቀጠቀጥ የእውነት ሳል መጣብኝና ሳልኩ። ከውስጥ አጎቴ ረጋ ብለው «እህ» ሲሉ መለሱልኝ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፦ «እናንተን አይለያያችሁ፤ ሻወሩንና ሽንት ቤቱን ግን ይለያይላችሁ!»