መረብ ጠጋኙና ሐምራዊው ምንጣፍ

አንድ ማለዳ መረብ ጠጋኙ ሽማግሌ በባሕሩ ዳር ወዳለው የሥራ ዳሳቸው ሲመጡ፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አበባቸውን እየነቀለች በጆንያ ስትሞላ አገኙ። ይህ አበባ በዚህ ወር ሲፈካ ዳርቻው ሁሉ ሐምራዊ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአንድ መርከበኛ አንዲት ቅርንጫፍ ተቀብለው የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ገና ሰላምታ ሳያልቅ ለማንም ይናገራሉ።

«ሌባ!» ብለው ጮኹ። «ያውም በጠዋቱ!»

ሴትየዋ ቀና ስትል፣ ዕፅዋት አጥንታ ባለፈው ወር የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች።

«እንደምን አደሩ አጎቴ?»

«አንቺን እስካይሽ ድረስ ደህና! አራት ዓመት ያስተማርንሽ አበባ እንድትነቅዪ ነው? ፍየልም እኮ ይህን ያለ ዲግሪ ትሠራዋለች።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። በቤተሰቡ ዘንድ በዝምታዋ የታወቀች ናት፤ ዝምተኛ ሰው ግን የያዘውን አይለቅም።

«አይቆጡ አጎቴ። ዘር ሳይጥል ልድረስበት ብዬ ነው። ዳርቻው እየተናደ ነው፤ ዳስዎ ያሳስበኛል።»

«የያዘልኝ ይኸው አበባ አይደለም እንዴ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ዳስ ባሕር ያልገባው በማን ይመስልሻል?»

«ላዩን ሸፈነው እንጂ አልያዘውም። ሥሩ አጭር ነው፤ ቅጠሉ ውኃ ያቆራል። ዝናብ ሲመጣ ይከብድና አሸዋውን ይዞ ይወርዳል። ጀልባ በሚቆምበት ዳር ሁሉ ይህንኑ አበባ አየሁ። ማን ያደረሰው ይመስልዎታል?»

«ነፋስ ነዋ።»

«ነፋስ መረብ ያስጠግናል?»

እዚህ ላይ ሽማግሌውን ሳል ሳል አላቸው። ጠግነው በሚያስረክቡት መረብ ላይ ሁሉ የዚህን አበባ አንድ እቅፍ ማሰር ልማዳቸው ነበርና፤ ማኅተማቸው ነው። ዓሣ አጥማጆቹም ሲጠወልግ በደረሱበት ዳር ወርወር ያደርጉታል፤ የተጣለው ቅርንጫፍ ደግሞ ሞተ ሲባል ሥር ይሰዳል። ደግ እጅ ሳያውቅ ሲሰጥ ጉዳቱም እንደ ስጦታው ይበዛል።

«ወሬ ማን ይቸግረዋል! አሳዪኝ።»

ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ የአበባውን ጫፍ ይዛ ሳበች። ሦስት ክንድ የሚሆን ምንጣፍ እየተጠቀለለ ተነሣ። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ ሸርተት ብሎ ወረደና የምሰሶው እግር ግማሹ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ሽማግሌው ሳያስቡት ምሰሶውን እቅፍ አደረጉት።

«አሁን ደግሞ ይህን ይሳቡ» አለች፣ እሳቸው በየዓመቱ አረም ነው እያሉ የሚያጭዱትን ሻካራ የአሸዋ ሣር እያሳየች።

ሳቡ። ደግመው ሳቡ። በሦስተኛው በቂጣቸው ቁጭ አሉ፤ ሣሩ ንቅንቅ አላለም። ጎኑን በጣታቸው ጫር ጫር ቢያደርጉት፣ ሥሩ ላይና ታች ተጠላልፎ አሸዋውን ቋጥሮ ይዟል። ሽማግሌው የሌላ ሰው መረብ አይተው እንከን ሳያወጡለት ቀርተው አያውቁም። አሁን ግን ፈልገው ፈልገው አጡ።

«ልጄ፣ ይህን መረብ የሠራው ማን ነው? አንድ የላላ ቋጠሮ የለበትም እኮ!»

«አረምዎ ነዋ።»

«እኔ ጅሉ! ሠራተኛውን እያጨድኩ ሰነፉን ስቀልብ ኖርኩ?»

«አይፍሩ፣ ገና አልመሸም። አበባው ከተነሣ ሣሩ ራሱ ይመለሳል።»

ረፋዱ ላይ አንድ ጀልባ ነጂ መረቡን ሊወስድ መጣና ሁለቱን አሸዋ ለብሰው ቢያያቸው ሳቀ። «ምነው አባቴ፣ ከውበት ተጣሉ?»

ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንተ ስለ ውበት ታወራለህ! ይህ ተነቅሎ ሣሩ ሲመለስ ዳርቻው በዝናብ አይናድም። ጀልባህን የምታሳርፍበት መሬት ይኖርሃል፤ የባሕር ወፍም እንቁላሏን የምትጥልበት ታገኛለች። የነቀልከውን ግን ጆንያ ውስጥ አስረህ አድርቀው፤ ከጣልከው ይበቅላል። ይህን ሳያውቁ ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ይገርምሃል!»

ልጅቱ አንገቷን እንደደፋች መንቀሏን ቀጠለች፤ ትከሻዋ ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መረቤስ አልቋል?» አለ ጀልባ ነጂው።

«ትናንት አልቋል» አሉና ባዶ ጆንያ ወረወሩለት። «ይህን ስትሞላ ትወስደዋለህ።»