ያልታጠበው አሻንጉሊት

እህቴ ከሞተች ወዲህ ልጇን ሔዋንን ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር፣ እኔ ነኝ የማሳድጋት። ይቺ ልጅ እናቷ የገዛችላትን የጨርቅ ድብ ሳታቅፍ አትተኛም። ድቡ ደግሞ እድፍ በእድፍ ሆኗል፤ ልጠበው ባልኩ ቁጥር ለቅሶ ነው። ክረምት ላይ ትክል ድንጋይ የሚባል ገጠር፣ አጎቴ አያ ፈንቴ ዘንድ ይዣት ሄድኩላችሁ። ጠዋት ስንወጣ ጉም በረቱን ውጦታል፤ ላሟ ደመና ላይ የቆመች ነው የምትመስለው። ጥጃዋ ሞቶባት አልታለብ ብላለች። አያ ፈንቴ ከጉሙ ውስጥ ጥጃ ታቅፈው ብቅ አሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ ለካ የሞተው ጥጃ ቆዳ ነው፤ ውስጡ ጭድ ተጠቅጥቆበታል።

«ምንድን ነው?» አለች ሔዋን።

«አሻንጉሊት ነዋ!»

«አሻንጉሊትማ ይኼ ነው» ብላ ድቧን አሳየቻቸው።

«ስሙስ የዚህ ነበር ልጄ። ላሟ እንድትታለብ ነው የሚሠራላት። ያንቺው ኋላ የመጣ ነው።»

ላሟ አሸተተችው፤ ላሰችው፤ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይሰማል።

«ጥጃዋ እንዳልሆነ አታውቅም?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምነው አታውቅ! ጠረኑ ነው እንጂ።»

ሔዋን ድቧን አንገቱ ስር አሸተተችና፣ «አያ፣ ቆዳውን አጥበውታል?» አለች።

«ከታጠበማ ምኑን ትልሰዋለች?»

ልጅቷ ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሳሙና ትንፍሽ አላልኩም። ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍ ግን ድቡን አንስቼ አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። እህቴን እህቴን ሸተተኝ።